የገረጣ ወርቃማ ዓሣና የዛላ በርበሬ መኖ

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ባለኝ የፀጉር ማስተካከያ ቤት በመስታወት ገንዳ ወርቃማ ዓሦች አሉኝ። ስገዛቸው ደማቅ ብርቱካናማ ነበሩ፤ ዛሬ ገርጥተዋል። ከደንበኞቼ አንዱ በርበሬ፣ ሌላው የቀይ ሥር ውኃ ስጣቸው ይሉኛል። ምክራቸው እውነትነት አለው?
የደሴ አንባቢ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የበርበሬው ምክር በጥንቃቄ ከተያዘ ይሠራል፤ የቀይ ሥሩ ግን ገንዳውን ከማቆሸሽ በቀር ፋይዳ የለውም። በዓሣ ቆዳ ላይ የሚታየው ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለም በአብዛኛው ካሮቲኖይድ ከሚባሉ በስብ የሚሟሟ ንጥረ ነገሮች የሚመጣ ሲሆን፣ ዓሣ እነዚህን በራሱ መሥራት ስለማይችል ከሚበላው ያገኛቸዋል። በሐይቅ ውስጥ ዋቅላሚ (አልጌ) እና ጥቃቅን እንስሳት ይህን ይሰጡታል፤ የዳቦ ፍርፋሪ ሲመገብ የኖረ የገንዳ ዓሣ ግን መገርጣቱ አያስገርምም። የቀይ ሥር ቀለም በውኃ የሚሟሟና ከሌላ ወገን በመሆኑ ቆዳው ላይ አይከማችም።

በርበሬ ሲባል ግን ለወጥ የተዘጋጀው ማለት አይደለም፤ እርሱ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ሌላም ቅመም አለበት። ከገበያ ንጹሕ ዛላ በርበሬ ገዝተው ፍሬውን ያራግፉ፣ ልጡን ብቻ አልመው ይፍጩ። ለ100 ግራም መኖ ከ2 እስከ 3 ግራም ዱቄት በጥቂት የምግብ ዘይት ለውሰው መኖውን ይቀቡት፤ ዘይቱ ቀለሙ በአንጀት እንዲመጠጥ ያግዛል። ካሮቲኖይድ በብርሃን፣ በሙቀትና በአየር ስለሚበላሽ ጥቂት በጥቂት አዘጋጅተው በተከደነ ዕቃ፣ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ። የቢጫ በቆሎ ዱቄትም ጥሩ ነው፤ በውስጡ ያለውን ዜአዛንቲን የተባለ ቢጫ ካሮቲኖይድ ወርቃማ ዓሣ ወደ ቀይ ቀለም ይለውጠዋል፤ ነጭ በቆሎ ግን ይህ የለውም። ብዙዎች የሚመርጡት ካሮት ለዚህ ዓሣ ከሁለቱም ያነሰ ጥቅም አለው።

ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ መኖውን ካቋረጡም ቀለሙ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ከዚያ በፊት ግን ውኃው ንጹሕ፣ ቦታውም ብርሃን የሚያገኝ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ጨለማ ውስጥ የሚኖር ወርቃማ ዓሣ ምንም ቢበላ ይገረጣል። አንዳንዱ ደግሞ በዘሩ ምክንያት ዕድሜው ሲገፋ ወደ ነጭነት ይለወጣል፤ እንዲህ ያለውን የትኛውም መኖ አይመልሰውም።