የሞተር ማጽጃ ኬሚካል ከመጨመርዎ በፊት ቆሻሻው የት እንዳለ ይወቁ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በቤንዚን የሚሠራው መኪናዎ 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዷል፤ የቀድሞው ባለቤት ዘይቱን በምን ያህል ጊዜ ይቀይር እንደነበር አያውቁም፤ አሁን ደግሞ መካኒክዎ ከዘይት ቅያሪው በፊት የሞተር ማጠቢያ ኬሚካል እንዲጨመር፣ ከቤንዚኑ ጋርም ሌላ ማጽጃ እንዲቀላቀል መክሮዎታል። ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ብለው ለጠየቁት፣ ለረጅም ዓመታት በጋራዥ ሥራ ላይ የቆየሁና ሁለቱንም ዓይነት ኬሚካል የተጠቀምኩ እንደመሆኔ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍልዎት።

ሁለቱ ኬሚካሎች ጎን ለጎን ቢሸጡም ሥራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ዘይት ውስጥ የሚጨመረው ዘይት የሚዘዋወርባቸውን ክፍሎች፣ ማለትም ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል)፣ የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎችን፣ የፒስተን ፋሻዎችን (ፒስተኑን የከበቡትን ቀለበቶች) እና ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ) ይመለከታል። ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው ደግሞ የሚሠራው ቤንዚኑን በሚረጩት ኢንጀክተሮች፣ በቫልቮችና ቤንዚኑ በሚቃጠልበት ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ የትኛው ክፍል እንደቆሸሸ ሳይታወቅ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መጨመር በግምት መድኃኒት እንደመውሰድ ይቆጠራል።

ከዘይቱ ልጀምር፤ ከባዱ ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። አብዛኞቹ የሞተር ማጠቢያዎች የቀጫጭን አሟሚ ፈሳሾችና የአጣቢ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ናቸው። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሊደፋ ባለው አሮጌ ዘይት ላይ ይጨመራሉ፤ እንደ አምራቹ መመሪያ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር፣ ይሠራል፤ ከዚያም ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ ተደፍቶ ፊልትሮው ይቀየራል። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ዘይቱ ስለሚቀጥን ብረትን ከብረት የሚለየው የዘይት ሽፋን ይዳከማል፤ በመሆኑም ነዳጅ እየሰጡ ሞተሩን ማስጮህም ሆነ መኪናውን መንዳት አይገባም።

ዘይቱ በየጊዜው ሲቀየርለት ለኖረ ሞተር ይህ ማጠቢያ በመመሪያው መሠረት እስከተሠራበት ድረስ ጉዳቱ እምብዛም ነው፤ ጥቅሙም እንዲሁ። ጥሩ የሞተር ዘይት ሲመረት አጣቢ ንጥረ ነገርና ቆሻሻን በትኖ የሚይዝ ንጥረ ነገር አብሮ ስለሚቀላቀልበት፣ መኪናው በተነዳ ቁጥር ሞተሩን ሲያጥብ ይውላል። አዲስ ዘይት ጥቂት ሠርቶ ሲጠቁር የሚደነግጡ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ቆሻሻውን ይዞ መጥቆሩ ግን በአብዛኛው ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል።

አደጋው ያለው ማጠቢያ እጅግ ያስፈልገዋል በሚባለው ሞተር ላይ ነው። ዘይቱ ለረጅም ጊዜ ሳይቀየር በቆየ ሞተር ውስጥ ቆሻሻው ረግቶ ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል፤ አጫጭር ጉዞና የተደፈነ የሞተር መተንፈሻ ቫልቭም ያባብሱታል። ይህን ሁሉ ዝቃጭ በጥቂት ደቂቃ ማሟሟት ስለማይቻል፣ ኬሚካሉ ጠርዝ ጠርዙን አላልቶ በቁራጭ በቁራጭ ይገነጥለዋል። የተገነጠለው ወደ ኮፓው ይወርድና ፖምፓው ዘይት በሚስብበት ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ፊልትሮው የሚገኘው ከፖምፓው በኋላ ስለሆነ ወንፊቱን ከዚህ አያድነውም፤ ዘይቱ ሲደፋም ፈሳሹ ይወጣል እንጂ ዝቃጩ ኮፓው ውስጥ ይቀራል።

ሌላ ቦታ በዚህ መልኩ ታጥቦ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ የዘይት መብራቱ በሚኒሞ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ወደ እኛ የመጣ መኪና ነበር። ኮፓውን ስናወርድ አዲሱ ዘይት ገና ጥርት ያለ ነው፤ ወንፊቱ ግን ከአንድ ጥፍር የማይበልጥ ክፍት ቦታ ቀርቶት፣ ሌላው በሙሉ ዳር ዳሩ በተቀረፈ ጥቁር ልጣጭ ተሸፍኗል። ልጣጩን በጣቴ ሳሸው ላዩ ለስላሳ፣ ውስጡ ግን ደርቆ የሚሻክር ነበር። ባለቤቱ መብራቱን እንዳየ ሞተሩን በማጥፋቱ ብሮንዚዎቹ (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ማረፊያዎች) ተርፈዋል፤ ችላ ብሎ ቢነዳው ኖሮ ሞተሩ መንከሱ፣ ማለትም ተጣብቆ መቆሙ፣ አይቀርም ነበር። ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ ደግሞ ወደ ቱርቦው የሚሄደው የዘይት ቱቦ ቀጭን ስለሆነ ስጋቱ ይጨምራል። ቺንጊያው (የጎማ ቀበቶው) ዘይት ውስጥ ሆኖ በሚሠራ ሞተር ላይ ግን አሟሚው ጎማውን ሊጎዳው ስለሚችል፣ የመኪናው አምራች በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር ማጠቢያ እንዲጨመር አልመክርም።

ስለዚህ የእርስዎ የመጀመሪያ ሥራ ማየት ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው በእጅ ባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ብረቱ ወርቃማ ወይም ቡናማ ቀለም ብቻ ይዞ ከሆነ አያሳስብዎት። በእንጨት ሲጫሩት የሚነሳ ወፍራም ጥቁር ነገር ካለ ዝቃጭ ነውና ማጠቢያውን ይተዉት። ክዳኑ ሥር ነጣ ያለ ቅባት መሰል ነገር ካዩ ደግሞ በአጭር ጉዞ ምክንያት የተጠራቀመ እርጥበት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የራዲያተሩ ውሃም እየቀነሰ ከሆነ ውሃው ከዘይቱ ጋር እየተቀላቀለ ሊሆን ስለሚችል፣ በኬሚካል ሳይሆን በጥገና የሚፈታ ጉዳይ ነው።

መጠነኛ ዝቃጭ ላለበት ሞተር እኔ የምመርጠው ዘገምተኛውን መንገድ ነው። አምራቹ ያዘዘውን ደረጃ የሚያሟላ ጥሩ ዘይት ከአዲስ ፊልትሮ ጋር ያስገቡ፤ ከ2 እስከ 3 ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ሁለቱንም እንደገና ይቀይሩ፤ ይህንኑ ጥቂት ጊዜ ይደጋግሙት። የወጣውን ፊልትሮ አስቆርጠው ወረቀቱን ዘርግተው ቢያዩት፣ የሚይዘው ቅንጣት ከቅያሪ ወደ ቅያሪ ሲቀንስ ዓይንዎ ይመሰክርልዎታል። ዝቃጩ ከባድ ከሆነ ግን ኮፓውንና የቴስታታውን ክዳን አውርዶ ወንፊቱን ጭምር በእጅ ማጽዳት ነው፤ ወጪው ከፍ ይላል፣ ሞተር ከማስወረድ ግን እጅግ ያንሳል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ጨምሮ ሞተር የማጠብ ልማድ አሁንም አልጠፋም፤ እባክዎን ማንም ቢመክርዎት አይቀበሉት።

የቤንዚኑን ማጽጃ በተመለከተ ሐሳቤ ለዘብ ያለ ነው። ፖሊኢተርአሚን የተባለው ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ያለበት ማጽጃ በኢንጀክተርና በማቃጠያ ክፍሉ ላይ የተጠራቀመ ካርቦንን በእርግጥ ይቀንሳል፤ በኢንጀክተር መቆሸሽ ምክንያት ሚኒሞው ይንቀጠቀጥ የነበረ ሞተር ሲረጋጋም አይቻለሁ። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ሳያልፉ ጨምረው ታንከሩን ይሙሉና ረዘም ያለ መንገድ ይንዱበት። ከኬሚካሉ ጥቂቱ በፋሻዎቹ በኩል አልፎ ከዘይቱ ጋር ስለሚቀላቀል፣ የዘይት ቅያሪ ሲቃረብ ቢጠቀሙት ይሻላል። ያረጀ ካንዴላን፣ የደከመ የነዳጅ ፖምፓንም ሆነ አየር የሚያስገባ ቱቦን ግን አያድንም።

አንድ ወሳኝ ልዩነት አለ። ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ በሚረጭበት ሞተር ላይ ቤንዚኑ የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹን ጀርባ አይነካም፤ ስለዚህ ታንከር ውስጥ የሚጨመር ምንም ዓይነት ማጽጃ በዚያ የተጋገረውን ካርቦን አያወርደውም። እሱ የሚጸዳው የአየር ማስገቢያው ተፈቶ በእጅ ወይም በልዩ መሣሪያ ነው።

የሞተሩን ዓይነትና ቤንዚኑ የሚረጭበትን መንገድ፣ እንዲሁም በዘይት መሙያው ቀዳዳ በኩል ያነሱትን ፎቶ ቢልኩልኝ፣ ለእርስዎ መኪና የትኛው እንደሚስማማ ለይቼ ልነግርዎት እችላለሁ። እስከዚያው መካኒክዎን ማጠቢያውን ለጊዜው እንዲያቆየው ይንገሩት።