የደፋኸው ናውሳ ጥፋት አልነበረበትም፦ ስማቸው ብዙም ስላልተሰማ የአውሮፓ ወይኖች

ወንድማችን ጥያቄህ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቪየና ሆኜ ከካቤርኔ፣ ከመርሎና ከሻርዶኔ ሌላ የትኞቹን የወይን ዝርያዎች ልሞክር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ናውሳ የሚል የግሪክ ቀይ ገዝተህ ጎምዝዞህ የደፋኸው ለምን እንደሆነ ነው። የሁለተኛው መልስ የመጀመሪያውንም ስለሚያቀል ከእሱ ልጀምር።

ናውሳ የቦታ ስም ነው። በዚያ ስም የሚሸጠው ቀይ ግን ክሲኖማቭሮ ከተባለው ዝርያ ብቻ ይሠራል። ስሙ ራሱ በግሪክኛ «ኮምጣጣ ጥቁር» እንደ ማለት ነው፤ ማስጠንቀቂያው እዚያው ላይ አለ። ቀለሙ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቀላል ወይን ይመስላል፤ ሲቀመስ ግን አሲዱም፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒኑም ከፍተኛ ነው። የደረቀ ቲማቲምና የወይራ ፍሬ ጣዕም አለው። ከተመረተ አራት አምስት ዓመት ያልሞላውን ከፍተህ ወዲያው፣ ያለ ምግብ ከጠጣኸው የሚጎመዝዝህ ለዚህ ነው። መፍትሔው ከመጠጣትህ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ከፍተህ ወደ ሰፊ ማሰሮ መገልበጥና ስብ ካለው የበግ ጥብስ ጋር ማቅረብ ነው፤ የሥጋው ፕሮቲንና ስብ ታኒኑን ያለዝበዋል። ጠርሙሱን ብቻ ከፍቶ ማቆየት ብዙም አይጠቅምም፤ በጠባብ አንገት የሚገባው አየር ኢምንት ነው።

ሙቀቱም ሳያሳስትህ አልቀረም። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣ» የሚባለው ማሞቂያ ባልነበረበት ዘመን ለነበረ ቤት ነው። 23 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የዋለ ቀይ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል። ቀለል ያለውን ቀይ 14፣ ከበድ ያለውን 16 ወይም 17 ዲግሪ ላይ ቅዳ፤ ከመቅዳትህ በፊት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ነጩ ደግሞ ከፍሪጅ እንደወጣ ከተቀዳ መዓዛው ተቀብሮ ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀራል፤ ጥቂት ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተወውና 10 ወይም 12 ዲግሪ ይድረስ።

ስለዚህ በክሲኖማቭሮ አትጀምር፤ ተራውን ጠብቅለት። ቪየና ላለ ሰው መነሻው ብላውፍሬንኪሽ የተባለው ቀይ ዝርያ ነው፤ ዋናው ቦታው፣ የኦስትሪያው ግዛት ቡርገንላንድ፣ አጠገብህ ነው። ጥቁር ቼሪና ቁንዶ በርበሬ ይሸታል፣ አሲዱ ጎላ ያለ፣ ታኒኑ መካከለኛ ነው። ሚተልቡርገንላንድ (የዚያው ግዛት መካከለኛ ክፍል) የሚል ስታገኝ መጀመሪያ «ሪዘርቭ» ያልተጻፈበትን ውሰድ። ሪዘርቩ አብዛኛውን ጊዜ በርሜል ውስጥ ስለሚቆይ የእንጨቱ ጣዕም የዝርያውን ይሸፍንብሃል፤ ውድ የሆነውን ገዝቶ ቫኒላ ቀምሶ መመለስ የተለመደ ስህተት ነው። ከእሱ የለዘበ ከፈለግህ ልጁ ጽቫይገልት አለ፤ በ1922 ብላውፍሬንኪሽን ከዛንክት ላውረንት ጋር በማዳቀል የተገኘ ነው።

እዚህ ላይ ስም እንዳያታልልህ። ብላውፍሬንኪሽ ሃንጋሪ ሲሻገር ኬክፍራንኮሽ፣ ጀርመን ሌምበርገር፣ ስሎቫኪያ ፍራንኮቭካ ይባላል። ሦስት ጠርሙስ ገዝቶ ሦስት ዝርያ የቀመሰ የሚመስለው አይጠፋም። የስፔኑ ሜንሲያም ፖርቱጋል ውስጥ ዣየን ነው። አሜሪካኖች የራሳቸው ያደረጉት ዚንፋንዴል ደግሞ በ2001 በዘረመል ምርመራ የክሮኤሽያ ዳርቻ ዝርያ ሆኖ ተገኝቷል፤ የጣሊያኑ ፕሪሚቲቮም ያው ነው።

ከነጮቹ ፉርሚንትን አስቀድም። ቶካይ የተባለው የሃንጋሪ ወይን አካባቢ ዋና ዝርያ ነው፤ ችግሩ ከአንድ ዝርያ ፍጹም ደረቁም (ጣፋጭነት የሌለውም) እንደ ማር የሚጣፍጠውም መሠራቱ ነው። መለያው ላይ «ሳራዝ» ካለ ደረቅ፣ «ፌልሳራዝ» ካለ ከፊል ደረቅ፣ «ኤዴሽ» ካለ ጣፋጭ ነው። «አሱ» የሚባለው ቦትራይተስ የተባለ ሻጋታ ካኮማተረው ፍሬ የሚሠራ ሲሆን በሊትር ቢያንስ 120 ግራም ስኳር አለው። ለእራት ብለህ እሱን እንዳትገዛ፤ ትንሽ ትንሽ እየተቀዳ የሚጠጣ ነው።

አሲርቲኮ የተባለው ነጭ ዝርያ ከግሪኳ ሳንቶሪኒ ደሴት ነው። ነፋሱ ስለሚያይል ገበሬው ሐረጉን መሬት ላይ እንደ ቅርጫት ይጠቀልለዋል፤ ዘለላው ውስጥ ተጠልሎ ይበስላል። አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድ ሆኖ ሸክላ ስለሌለበት ፊሎክሴራ የተባለው የሥር ተባይ አይኖርበትም፤ ስለዚህ ተክሉ በሌላ ዝርያ ሥር ላይ ሳይቀጠል በራሱ ሥር ያድጋል። በዚያ ሙቀት እየበሰለም አሲዱን አይለቅም፤ አልኮሉ 14 በመቶ ይደርሳል። ያም ያም ተደምሮ ለጀማሪ ይከብዳል፤ ከግሪክ የየብስ ክፍል የመጣው አሲርቲኮ ይለዝባል። ጣፋጩን ቪንሳንቶ ከደረቁ አታምታታ።

ሳቫኛን በተባለው የፈረንሳይ ነጭ ዝርያ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ከእሱ የተሠራ «ቫን ዦን» የሚል 62 ሴንቲ ሊትር ጠርሙስ ለውዝ ለውዝ ቢሸትህ ተበላሽቷል ብለህ አትመልስ። ወይኑ ከስድስት ዓመት በላይ፣ የጎደለው ሳይሞላ፣ በእርሾ ሽፋን ሥር ስለሚቆይ ነው።

አቀማመሱን በተመለከተ፣ አዲሱን ብቻውን አትቅመስ። ከምታውቀው ጎን አስቀምጠው፦ ደረቅ ፉርሚንትን እንጨት ካልነካው ሻርዶኔ፣ ብላውፍሬንኪሽን ከመርሎ። ለየብርጭቆው 6 ሴንቲ ሊትር ይበቃል፤ ከአንድ ጠርሙስ አሥራ ሁለት ሰው ይቀምሳል። ብርጭቆውም ሙቀቱም አንድ ይሁን፣ አለበለዚያ ያወዳደርከው ብርጭቆውን ነው። ጠጅ የለመደ ምላስ ደረቅ ነጭን በመጀመሪያው ጉንጭ ይጠላዋል፤ ፍርድህን ለሦስተኛው አቆየው።

ከእኛ ምግብ ጋር፣ አልኮልና ታኒን የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሱታል። ለዶሮ ወጥ ከፊል ደረቅ ፉርሚንት ወይም 14 ዲግሪ የቀዘቀዘ ጽቫይገልት ይሻላል። ለክትፎ ሚጥሚጣው ቀነስ ካለ ብላውፍሬንኪሽ፤ አሲዱ ቅቤውን ይቆርጠዋል። ክሲኖማቭሮና ቀይ ወጥ ግን አይገናኙ።

ናውሳውን እንደገና ስትገዛም ዓመተ ምርቱን አይተህ አሮጌውን ምረጥ። ግማሹን ጠጥተህ የቀረውን ቡሹን መልሰህ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው፤ በማግስቱ ከመጠጣትህ በፊት አንድ ሰዓት አውጣው። ከመጀመሪያው ቀን ለዝቦ ታገኘዋለህ።