ሬጉሌተር ውሃ ውስጥ ቢያስቸግር፦ ከኮምቦልቻ ለጠየቅከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጂቡቲ ወርደህ የመጀመሪያውን የዳይቪንግ ኮርስ ልትወስድ ነው። ቀድሞህ የወሰደው ጓደኛህ ታች ሳለ ሬጉሌተሩ፣ ከአየር ሲሊንደሩ ወደ አፍ አየር የሚሰጠው መሣሪያ፣ ውሃ አስገብቶበት፣ ደንግጦ ተስፈንጥሮ እንደወጣ ነግሮሃል። አንተም «ታች ሆኜ ቢበላሽብኝ ምን አደርጋለሁ? ያገለገለ ሬጉሌተር በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ልግዛው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ጂቡቲ ውስጥ በጠላቂዎች ጀልባ ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ደሴ ተመልሼ ኮምፕረሰርና የጋዝ ሬጉሌተር እጠግናለሁ። የማውቀውን ልንገርህ፣ ረዘም ይላልና ታገሠኝ።

አብሽር፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዝ፦ ጓደኛህን አደጋ ላይ የጣለው የገባው ውሃ ሳይሆን አወጣጡ ነው። 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከውሃው በላይ ካለው እጥፍ ነው። እዚያ ሳንባህን ሞልተህ ትንፋሽህን ይዘህ ብትወጣ፣ ያው የያዝከው አየር፣ ላይ ስትደርስ፣ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ሳንባ ደግሞ ያን ያህል አይለጠጥም። ጥልቅ መሆንም አያስፈልግም፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ እንኳ ሳንባው ሞልቶ ትንፋሹን ይዞ የወጣ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሬጉሌተሩ ከአፍህ በወጣ ቁጥር ከከንፈርህ መሃል «አአአ» እያልክ ትንንሽ አረፋ ልቀቅ። አሰልጣኝህ ይህን መቶ ጊዜ ቢነግርህ አይሰልችህ።

አሁን ወደ ዕቃው። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ በያጆች ኦክስጅን ሲሊንደር ላይ የሚያስሩትን ሬጉሌተር አይተሃል። የዳይቪንጉም ሥራው ያው ነው፣ ግን ግፊቱን የሚያወርደው በሁለት ደረጃ ነው። ሲሊንደሩ ራስ ላይ የሚታሰረው ፈርስት ስቴጅ 200 ባር ገደማ የሆነውን ግፊት ተቀብሎ፣ በዙሪያህ ካለው የውሃ ግፊት በ8 ወይም በ10 ባር ያህል ብቻ ከፍ እንዲል አድርጎ ወደ ቱቦው ይለቀዋል። አፍህ ላይ ያለው ሰከንድ ስቴጅ ደግሞ ስትስብ ብቻ ከፍቶ፣ በዙሪያህ ባለው ግፊት ልክ ይሰጥሃል። አሁን የሚሠሩት ሰከንድ ስቴጆች ቫልቫቸው የሚከፈተው አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። በዚህ ምክንያት ሲበላሹ ብዙውን ጊዜ ክፍት ሆነው ነው የሚበላሹት፤ አየር ያበዛሉ እንጂ አይከለክሉም። ጸጥ ብሎ አየር የሚያቋርጥ ሬጉሌተር እጅግ ብርቅ ነው። አንድ ሰው ታች «አየር አጣሁ» ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሲሊንደሩ ባዶ ሆኗል ወይ የሲሊንደሩ ቫልቭ በደንብ አልተከፈተም። ይህን ማወቅ ብቻውን ልብ ያረጋጋል፣ ጊዜ እንዳለህ ታውቃለህና።

የጓደኛህ ችግር ውሃ ማስገባት ነው፣ እሱ ላይ ልቆይ፤ ጀማሪን የሚያስደነግጠው ይህ ነውና። ሙሻ ደሴት አጠገብ አንዲት እንግዳ ይዘን ወርደን ነበር፣ 12 ሜትር አካባቢ። በሳበች ቁጥር ትንሽ ውሃ አፏ ይገባና ታስላለች። ወደ እኔ መጥታ እጇን እያወዛወዘች ሬጉሌተሩን አሳየችኝ። የኔን ትርፍ ሬጉሌተር፣ ኦክቶፐስ የምንለውን፣ ሰጠኋት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነፈሰች በኋላ ዓይኗ ተረጋጋ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ቀስ ብለን ወጣን። ጀልባው ላይ የትንፋሽ መውጫውን ሽፋን ስከፍተው፣ ከስሱ ክብ ጎማ ጠርዝ ሥር አንዲት የኮራል አሸዋ ፍሬ ተቀምጣለች። ከጤፍ የማትበልጥ ነገር ናት። ጎማዋ ወደ ውጭ ብቻ እንድትከፈት የተሠራች ስለሆነች፣ ፍሬዋ ከፈት አድርጋ ስትይዛት እንግዳዋ በሳበች ቁጥር ውሃ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። በጥፍሬ ገፋ አድርጌ አጠብኩት፣ አለቀ።

ይህ ሲገጥምህ መጀመሪያ ጠንከር አድርገህ ወደ ሬጉሌተሩ ተንፍስ፤ ወይም ምላስህን ላንቃህ ላይ አድርገህ ፊት ለፊት ያለውን፣ አየር በኃይል የሚለቀውን የፐርጅ ቁልፍ አንድ ሁለቴ ተጫን። ብዙ ጊዜ ፍሬው ተጠርጎ ይሄዳል። ምላስህን እዚያው ይዘህ በዝግታ ሳብ፣ ውሃው ጉሮሮህ ሳይደርስ ይቀራል። ሳል ቢመጣብህ ሬጉሌተሩን አታውጣ፣ በውስጡ ሳል፤ መውጫው ሳልንም ማስታወክንም ያሳልፋል። ካልተስተካከለ ወደ ኦክቶፐስህ ቀይር። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፦ ሬጉሌተሩ ተገልብጦ አፍህ ገብቶ ከሆነ መውጫው ወደ ላይ ስለሚሆን ውሃ ያስገባል። የተለመደው ሬጉሌተር ቱቦው በቀኝ ትከሻህ በኩል መምጣት አለበት፤ ከሌላ ሰው ስትቀበል ይህን እይ። የአፍ ጎማው ተቀዶም ሊሆን ይችላል። ጎማውን የሚያጠብቀው የፕላስቲክ ማሰሪያ ከወለቀ ደግሞ ጎማው ጥርስህ ላይ ቀርቶ ሬጉሌተሩ ብቻውን ይሄዳል። ሁሌም ከመጥለቅህ በፊት ያችን ማሰሪያ በጣትህ ነካ አድርጋት።

ሁለተኛው ፍሪ ፍሎው ነው፣ አየሩ ራሱን እየለቀቀ ሲፈስ። ድምፁና አረፋው ያስፈራል። ሬጉሌተሩ ከአፍህ ወጥቶ የአፉ ቀዳዳ ሽቅብ ሲያይ ከሆነ የጀመረው፣ ወደ ታች ዘቅዝቀው፣ ውሃ ይሙላው፤ ብዙውን ጊዜ ይቆማል። ጎኑ ላይ ማስተካከያ ካለው ወደ ማጥበቂያው አዙረው። የቀዝቃዛ አገር ሰዎች በረዶ ይዞት ሲፈስ ይቸገራሉ፤ የጂቡቲ ውሃ ሞቃት ስለሆነ ይህ አያሰጋህም፣ እዚያ ምክንያቱ አሸዋ፣ ጨው ወይም ያረጀ ማኅተም (አየር እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) ነው። ካልቆመ ግን አትታገለው። ከንፈርህን ሳትገጥም፣ ጭንቅላትህን ወደ ጎን ዘንበል አድርገህ፣ የምትፈልገውን ያህል ብቻ እየቀመስክ ተንፍስ፣ ትርፉ በጎን ይውጣ። ይህን በኮርሱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ያለማምዱሃል። ወዲያው አብሮህ ወደጠለቀው ጓደኛህ ቅረብና አብራችሁ ውጡ። ጠብቄ ላየው አትበል። 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር 2,400 ሊትር አየር ይይዛል፤ በሰላም ስትተነፍስ 20 ሜትር ላይ 40 ደቂቃ ገደማ የሚያቆይህ ያ ሁሉ አየር በፍሪ ፍሎው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

ሦስተኛው አሳሳቡ ሲከብድ ነው። ጌጁን፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን ግፊት የሚያሳየውን፣ እያየህ ሳብ። በሳብክ ቁጥር መርፌው ወደቅ ብሎ መልሶ የሚነሳ ከሆነ የሲሊንደሩ ቫልቭ በግማሽ ነው የተከፈተው ወይም የፈርስት ስቴጁ ማጣሪያ ተደፍኗል። ጓደኛህን ጠቁመው፣ ከጀርባህ ሆኖ ቫልቩን ይክፈትልህ። መርፌው ጸጥ ብሎ ቆሞ ከሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሰከንድ ስቴጁ ላይ ነው፤ ማስተካከያውን አላላ ወይም ወደ ኦክቶፐስ ቀይር። ይህን ነገር መሬት ላይ ማስቀረት ይቻላል፦ ቫልቩን ከፍተህ፣ መርፌው ላይ ዓይንህን ተክለህ አምስት ስድስት ጊዜ ከሬጉሌተሩ ተንፍስ። ዘይት ዘይት የሚሸት አየር ካለው ያንን ሲሊንደር መልስ።

አየር ስለሚያፈሱ ቦታዎች ባጭሩ፦ ከጌጁ መገጣጠሚያ ትንንሽ አረፋ መውጣቱ የሚያስቸኩል አይደለም፣ ለጓደኛህ አሳይተህ በሥርዓት ትወጣለህ። ቱቦ ቢፈነዳ ግን ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ይኼን ነው፦ የጌጁ ከፍተኛ ግፊት ያለው ቱቦ ከሁሉ የከፋ ይመስላል። መነሻው ላይ ያለችው ቀዳዳ ግን በጣም ጠባብ ስለሆነች ጩኸቱ ይበዛል እንጂ አየሩ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው። ፈጥኖ ሲሊንደር የሚያራግፈው የሬጉሌተሩ ወይም የጃኬቱ (አየር ተሞልቶ የሚያንሳፍፍህ ልብስ) ዝቅተኛ ግፊት ቱቦ ነው። ጃኬቱ በራሱ መሞላት ከጀመረ ደግሞ ቱቦውን ንቀል፣ አየሩንም አውጣ።

ጓደኛ በቅርብ ከሌለና አየሩ ካለቀ፣ ሬጉሌተሩን አፍህ ላይ ይዘህ «አአአ» እያልክ ቀና ብለህ ውጣ። በወጣህ መጠን የውጩ ግፊት ስለሚቀንስ ከሲሊንደሩ አንድ ሁለት ትንፋሽ ሊገኝ ይችላል። በሌላው ጊዜ ሁሉ አወጣጥህ በደቂቃ ከ9 ሜትር አይበልጥ፣ 5 ሜትር ላይም ለ3 ደቂቃ ቁም።

አሁን ለእኛ አገር ሰው ብቻ የሚሆን ነገር ልንገርህ። ጠልቀው ከወጡ በኋላ፣ ከበረራ በፊት የሚጠበቀው ጊዜ አንድ ጊዜ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለቀናት ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ነው። አንተ «በአውሮፕላን አልሄድም፣ በመኪና ነው የምመለሰው» ትል ይሆናል። ግን ከጋላፊ ሚሌ፣ ከሚሌ ባቲ፣ ከባቲ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ትወጣለህ። ደሴ ዘመድ ልትጠይቅ የሐረጎን ዳገት ከወጣህ 2,500 ሜትር ደረስክ ማለት ነው፤ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት እንኳ ከዚህ አያንስም። ሐረጎ ላይ ጆሮህ ድው ሲል የሚነግርህ የግፊቱን መውረድ ነው፤ ታች ከተነፈስከው አየር ደምህ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን የሚባለው ጋዝም ያን ጊዜ አረፋ ሊሠራ ይችላል። እኔ ሙሉ ቀን ጂቡቲ አርፌ ነበር የምነሳው፣ አንተም እንዲሁ አድርግ። የመጨረሻውን ጠልቆ ማታውኑ የጭነት መኪና ላይ መሳፈር አይሆንም። መንገድ ላይ መገጣጠሚያ ቢያምህ፣ ቢደነዝዝህ፣ ቢያዞርህ «ድካም ነው» አትበል፤ ሽቅብ መውጣትህን አቁመህ ሐኪም ፈልግ፣ መጥለቅህን ንገረው፣ ኦክስጅን ጠይቅ።

ከኮርሱ መልስ ደሴ አጠገብ ባለው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ላይ ልሞክር ብለሃል። እባክህን አታድርገው። ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፣ ለባሕር የተሠራው የጥልቀትና የጊዜ ሰንጠረዥ እንዳለ አይሠራበትም፤ ጥልቀቱም ከመጀመሪያ ኮርስ ወሰን እጅግ ያልፋል። የከፍታ ዳይቪንግ ራሱን የቻለ ሥልጠና ነው።

ስለ ሬጉሌተሩ ግዢ፦ ለኮርሱ የሚያከራዩህን ተጠቀም፣ አሁን አትግዛ። ግዴታ ልገዛ ካልክ የፈርስት ስቴጁን መግቢያ ክዳን አንሣና ማጣሪያውን እይ። አረንጓዴ ከሆነ የጨው ውሃ ገብቶበታል፣ ቀይ ቡናማ ከሆነ ከዛገ ሲሊንደር የመጣ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ከኮምፕረሰር የመጣ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። የቱቦዎቹን መከላከያ ጎማ ወደ ኋላ ስበህ ሥሩን ጎንበስ አድርገው፤ ስንጥቅ የሚታየው እዚያ ነው። ከዚያ ሲሊንደር ሳይታሰርበት መግቢያውን በክዳኑ ገጥመህ ሳበው፤ አየር ከገባ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ይህን ሁሉ ቢያልፍም ባለሙያ ፈቶ ማኅተሞቹን ሳይቀይር ውሃ እንዳይነካ። የማጣሪያውን ፎቶ በብርሃን አንሥተህ ላክልኝ፤ ገንዘቡን ሳትከፍል አየዋለሁ።