ፓኬቱ በምን ይመለሳል? ኔትወርክ ለምትማሩ ልጆች

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ ወይ ወልድያ፣ ኔትወርክ ለምትማሩ ልጆች ነው ይህን የምጽፈው። ብዙ ዓመት በዚህ ሙያ እንጀራ በልቻለሁ። ለኢንተርንሺፕ የሚመጡ ተማሪዎችንም አሠራለሁ። አብዛኞቹ ጎበዞች ናቸው። ኮማንዱን በቃላቸው ይወጡታል። ፒንግ (ፓኬት የሚባል ትንሽ መልእክት ልኮ መልስ የሚጠብቀው ሙከራ) እምቢ ሲላቸው ግን ያንኑ ኮማንድ ደግመው ይጽፉታል። እሱም ካልሠራ ራውተሩን፣ ፓኬቱን መንገድ የሚመራውን ዕቃ፣ አጥፍተው ያበሩታል። ራውቲንግ ቴብሉን፣ ማለት የራውተሩን የመንገድ ዝርዝር፣ ከፍቶ ረጋ ብሎ የሚያነብ ጥቂት ነው።

ይህ ያሳስበኛል። ከወገልጤና ሌሊት ተነስቶ ደሴ ባንክ የመጣ ሰው «ሲስተም የለም» ከተባለ ሳይወድ በግዱ ያድራል። ነገ ያንን ሲስተም የምትመልሱት እናንተ ናችሁ።

የምመክራችሁ ነገር አንድ ነው። በሐሳባችሁ እያንዳንዱ ራውተር ጋ ቁሙ። ከዚያ «ይሄ ራውተር አሁን የሚያውቀው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የኔትወርኩን ሥዕል ሙሉውን የምታዩት እናንተ ብቻ ናችሁ። ራውተሩ አያየውም። ኮምቦልቻ መገንጠያ ላይ የቆመ ሰው አስቡ። የሚሌውን መኪና በባቲ፣ የአዲስ አበባውን በሌላው መንገድ ይመራል። ሚሌ ሲደረስ መንገዱ ይከፈት ይዘጋ አያውቅም። ስታቲክ ራውትም (በእጅ የሚጻፈው የመንገድ መመሪያ) እንደዚያው ነው፤ ቀጣዩን ራውተር ብቻ ይናገራል።

እስቲ እንሞክረው። ፓኬት ትሬሰር በሚባለው የኔትወርክ መለማመጃ ፕሮግራም ላይ ሦስት ራውተር በመስመር ደርድሩ፤ ወልድያ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ በሏቸው። ለወልድያ 192.168.10.0/24፣ ለደሴ 192.168.20.0/24፣ ለኮምቦልቻ 192.168.30.0/24 ስጡ (ከ/ በኋላ ያለው ቁጥር ከአድራሻው 32 ቢት ስንቱ የኔትወርኩ እንደሆነ ይናገራል)። ራውተሮቹን ለሚያገናኙት ሁለት መስመሮች 10.0.0.0/30 እና 10.0.0.4/30 ይበቃሉ። ወልድያ ላይ የኮምቦልቻን ራውት በደሴ በኩል ጻፉ። ደሴ ላይ የሁለቱንም ጻፉ። ኮምቦልቻ ላይ ምንም አትጻፉ። አሁን ከወልድያ ኮምፒውተር የኮምቦልቻውን ፒንግ አድርጉ።

«ሪኩዌስት ታይምድ አውት» (መልስ ሳይመጣ ጊዜው አለፈ) ይላችኋል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ወልድያን መነካካት ይጀምራል። ፓኬቱ እኮ ደርሷል! የኮምቦልቻው ኮምፒውተር ተቀብሎ መልስ ልኳል። መልሱ ኮምቦልቻ ራውተር ላይ ሲደርስ ነው ጉዱ። ራውተሩ 192.168.10.0ን ቴብሉ ላይ ፈልጎ አጣው፤ ስለዚህ ጣለው። «አይደረስም» የሚለውን መልእክት ደግሞ የሚልከው መልሱን ለላከው ለኮምቦልቻው ኮምፒውተር ነው። ወልድያ ምንም አትሰማም።

አሁን የወልድያን ራውት አጥፉና ድገሙት። በዚህ ጊዜ የወልድያ ራውተር ራሷ «ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» (መድረሻው አይደረስም) ትላለች። ሁለቱ መልእክቶች ለየቅል ናቸው። «አንሪቸብል» ከመነሻው መንገድ እንደሌለ ይነግራችኋል። «ታይምድ አውት» መልስ እንዳልመጣ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ዝምታው ፓኬት የሚከለክል ፋየርዎልም ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን በቅድሚያ የመልሱን መንገድ እዩ።

መብራት ከሄደ የላብራቶሪ ልምምድ ቀረ አትበሉ። አብሽሩ፣ ትልቁ ላብራቶሪ ወረቀት ነው። አራት ሆናችሁ ዶርም ውስጥ ተቀመጡ። እያንዳንዳችሁ ራውተር ሁኑና የየራሳችሁን ቴብል ጻፉ። የጓደኛን ወረቀት ማየት ክልክል ነው። መነሻና መድረሻ አይፒ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ተቀባበሉ። ወረቀቱ ላይ ቲቲኤል (ፓኬቱ ገና ስንት ራውተር ማለፍ እንደሚችል የሚናገረው ቁጥር) 8 ብላችሁ ጀምሩ፤ በእጃችሁ ሲያልፍ አንድ ቀንሱ። ሁለት ልጆች ዲፎልት ራውታቸውን (ቴብሉ ላይ ያልተገኘ መድረሻ የሚላክበትን) አንዱ ወደ ሌላው ካደረጉ ወረቀቱ በመካከላቸው ይመላለሳል። 0 ሲሆን ይጣላል። ይህን መመላለስ፣ ሉፕን፣ በዚህ መንገድ ያየ ተማሪ ትሬስራውት (ፓኬት የሚያልፍባቸውን ራውተሮች የሚያሳየው ኮማንድ) እንዴት እንደሚሠራም ሳይቸገር ይገባዋል።

ሰብኔቲንግም (ኔትወርክን ወደ ትናንሽ ክፍሎች መከፋፈል) የወረቀት ሥራ ነው፤ ካልኩሌተር ድረ ገጽ ላይ አትንጠልጠሉ። 192.168.1.77/26 ቢሰጧችሁ፣ 26 ከ32 ሲቀነስ 6 ቢት ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል 64 አድራሻ ነው፤ 0፣ 64፣ 128፣ 192 እያለ ይሄዳል። 77 ያለው ከ64 እስከ 127 ባለው ውስጥ ነው። 64 የኔትወርኩ፣ 127 የብሮድካስቱ (ለሁሉም በአንዴ የሚላክበት) ነው፤ ለዕቃ የሚሰጠው 62 አድራሻ ነው።

አንድ ሕግ ደግሞ እንዳታልፉት። አንድ መድረሻ በሁለት ራውት ቢሸፈን የሚያሸንፈው ይበልጥ ዝርዝር የሆነው ነው፤ /24 /22ን ያሸንፋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን አገር ውስጥ ለመዝጋት ብሎ 208.65.153.0/24ን አወጀ፤ «ወደዚህ አድራሻ መንገዱ በእኔ በኩል ነው» አለ ማለት ነው። ዩቲዩብ ያወጀው 208.65.152.0/22 ነበር። የፓኪስታኑ ራውት ከአገር ሾልኮ ወጣ። የሌሎች አገሮች ራውተሮችም ሕጉ እንደሚለው ዝርዝሩን መረጡ። ዩቲዩብ በብዙ የዓለም ክፍል ለሁለት ሰዓት ገደማ ጠፋ። እናንተ የፈተና ጥያቄ አድርጋችሁ የምታጠኗት ሕግ ይህን ያህል ጉልበት አላት።

ራውተሮች መንገድ እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ሪፕና ኦኤስፒኤፍ ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ሪፕ እስከ 15 ራውተር ብቻ ይቆጥራል፤ 16 ማለት አይደረስም ማለት ነው። ኦኤስፒኤፍ ግን የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመውን የአጭር መንገድ ስሌት ነው የሚጠቀመው። ስሌቱን አምስት ራውተር ላይ በእጃችሁ ሥሩት፤ መምህራችሁ ባያዝዛችሁም ሥሩት። ከዚያ «ሾው አይፒ ራውት» የሚለው ኮማንድ ከሚያሳያችሁ ቴብል ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ የመስመሮቹን ኮስት (ስሌቱ ለየመስመሩ የሚይዘውን ዋጋ) ተመልከቱ። ብዙ የሲስኮ ራውተሮች ላይ፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ 100 ሜጋቢትም 1 ጊጋቢትም ኮስቱ 1 ነው።