ብቻችሁን ከሆናችሁ «እኛ» አትበሉ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እህት አጠገቤ መጥታ ቆመች። የምትጠይቀኝ ነገር እንዳለ ፊቷ ያስታውቃል። ተቀጥራ የምትሠራውን የጽዳት ሥራ ትታ የራሷን ልትጀምር ነው። «ብቻዬን መሆኔን ካወቁ ይንቁኛል ብዬ ፈራሁ። ካርዴ ላይ ትልቅ ድርጅት አስመስዬ ልጻፍ?» አለችኝ። በር ላይ ቆመን የምንጨርሰው ጨዋታ አልነበረም። እንደሷ የሚያስቡ ብዙ እንዳሉ ስለማውቅ እዚህ ልጻፈው።

እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የሰው ቤት ማጽዳት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ብቻዬን ነው የምሠራው። ስልኩን የማነሳው እኔ፣ ባልዲውን የምሸከመው እኔ፣ ሒሳቡን የምይዘው እኔ።

ስጀምር እኔም ፈርቼ ነበር። ያሠራሁት የማስታወቂያ ወረቀት (ፍላየር) «ልምድ ያለው ቡድናችን» ይላል። ቡድን የሚባል ነገር አልነበረም። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ትቼም ለፈረንጅ አፍ የሚቀል ሌላ ስም ጻፍኩበት። እዚያው አቅራቢያ ቤተስዳ በምትባል ከተማ የምትኖር አንዲት ሴት ደውላ «ስንት ሰው ነው የሚመጣው?» ስትለኝ «ሁለት» አልኳት። ብቻዬን ስደርስ «ባልደረባዬ አሟት ቀረች» አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ምክንያት ፈለግሁ። ሦስት ወር ሙሉ ወደዚያ ቤት ስነዳ የማስበው ቀጣዩን ውሸት ነበር። አንድ ቀን ከፎቅ ሆና ጠራችኝ፣ በዚያ ባልሆነ ስሜ። እኔን መሆኑ ጠፍቶብኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሦስተኛ ስትጠራኝ ነው የባነንኩት። ያን ዕለት እውነቱን ነገርኳት።

አልተቆጣችም። «ታዲያ ቁልፌ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት ፊቷ በራ።

እስቲ አስቡት። ሰው የቤቱን ቁልፍና የአላርሙን ቁጥር ሲሰጥ ማን እንደሚገባ ማወቅ ይፈልጋል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ዛሬ አንድ ሰው፣ በሚቀጥለው ሌላ ሊልኩ ይችላሉ። ከእናንተ ዘንድ የሚመጣው ሁሌም ያው ሰው ነው። የትኛው መሳቢያ እንደሚጣበቅ፣ ድመቷ የት እንደምትደበቅ ታውቃላችሁ። ለመደበቅ የምትታገሉት ነገር እኮ ደንበኛው የሚከፍልበት ነገር ነው።

ስለዚህ ካርዳችሁ ላይ ስማችሁን ጻፉ። ቢረዝምባቸው ቀስ ብላችሁ አስተምሯቸው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሳስተው ይለምዱታል። ኢንሹራንስ ሳትገቡ «ኢንሹርድ» ብላችሁ አትጻፉ። ግቡና ጻፉ። ስልክ ስታነሱም «ይቅርታ፣ እንግሊዝኛዬ ጥሩ አይደለም» ብላችሁ አትጀምሩ። ያልገባችሁን «በቴክስት ላኩልኝ» በሉ። የተጻፈ ነገር ኋላ ክርክር ቢነሳም ይጠቅማችኋል።

የእኔ ልብ የሞላው ሥራውን በደንብ ሳውቅ ነው። አንዲት ደንበኛ የኩሽናዋን እብነ በረድ በአቼቶ እንዳጸዳላት አዘዘችኝ። አሲድ እብነ በረድን ይበላዋል፤ ፊቱ ይደበዝዛል፣ በተራ ጽዳትም አይመለስም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢሆን እሺ ብዬ እሠራው ነበር። የዚያን ቀን ግን «አቼቶ ድንጋዩን ያበላሽብሻል፣ ለድንጋይ በተሠራ ማጽጃ ላድርገው» አልኳት። በረኪናና አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ እንዳይቀላቀሉም ለደንበኞቼ ሁሉ እነግራለሁ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የማላውቀው ነገር ሲመጣ «አጣርቼ እነግርሻለሁ» እላለሁ። እኛ ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ሥራን አውቆ መናገር ግን ጉራ አይባልም።

ዋጋ ላይ ብዙዎቻችን እንሸነፋለን። አንድ ቤት በ150 ዶላር ያዛችሁ እንበል። ጽዳቱ 4 ሰዓት፣ መንገዱ ደርሶ መልስ 1 ሰዓት፣ በድምሩ 5። ለቤንዚንና ለማጽጃ 20 ዶላር ወጣ። ከቀረው 130 ላይ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ክፍያ አለ። ተቀጥራችሁ ስትሠሩ ግማሹን አሠሪው ይከፍል ነበር፤ አሁን 15.3 በመቶው ሙሉው የእናንተ ነው። የሚሰላው ከትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ስለሆነ ወደ 18 ዶላር ይመጣል። የቀረው 112 ገደማ ለ5 ሰዓት ሲካፈል 22 ዶላር ከምናምን ነው። የገቢ ግብሩ ገና አልተነሳም። የሕመም ፈቃድ የለም፣ የጤና ኢንሹራንሱም ከኪሳችሁ ነው። ይህን ወረቀት ላይ ያሰላ ሰው «ትንሽ ቀንሺ» ሲባል አይደነግጥም።

ከባዱ የራሳችን ሰው ነው። እናቴ የምታክል ሴት «አንቺ ልጅ፣ እኛንም እንደ ፈረንጅ ልታስከፍይን ነው?» ስትለኝ ይሉኝታ ይይዘኛል። ብዙ ጊዜ ቀንሼ ቅር እያለኝ ሠርቻለሁ። ቅር እያለኝ ያጸዳሁት ቤት ደግሞ እንደሌላው አይጸዳም። አሁን «እትዬ፣ ዋጋዬ ለሁሉም አንድ ነው። ከበዛብዎት ሳሎኑንና ኩሽናውን ብቻ ልሥራልዎት» እላለሁ። ሥራው ይቀነሳል፣ የሰዓት ዋጋዬ ግን አይነካም። ነፃ የምሠራው ሌላ ነው። አራስ ጥየቃ ስንሄድ ሌላው ገንፎ ይዞ ይመጣል፣ እኔ ቤቷን አጽድቼላት እወጣለሁ። እሱ ስጦታዬ ነው፣ ደስ እያለኝ ነው የማደርገው።

በካሽ እየሠሩ ለግብር መሥሪያ ቤት ምንም ሳያሳውቁ ዓመታት ያሳለፉ ወገኖችም አውቃለሁ፤ ሳስባቸው ያመኛል። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት (ባሳወቃችሁት የሥራ ገቢ የሚቆጠር ነጥብ) ያስፈልጋል። በዓመት ከ4 በላይ ስለማይገኝ ቢያንስ 10 ዓመት ይፈጃል። ያላሳወቃችሁት ገቢ አይቆጠርላችሁም። ቤት ልግዛ ብትሉም ባንኩ ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀት ይጠይቃል። እባካችሁ የሠራችሁትን አሳውቁ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ግብሩን ኤፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ፣ በ4 ከፍሎ ነው የሚሰጠው። ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ እያነሳችሁ በሌላ አካውንት አስቀምጡ። ለሥራ የነዳችሁትንም ማይል መዝግቡ፤ ግብር ከሚሰላበት ገቢያችሁ ላይ ይቀነስላችኋል፤ ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም ነበር።

ብቻውን የሚሠራ ሰው ሲቀር የሚተካው የለም። ለቅሶ ሲያጋጥመን፣ በዓል ሲመጣ «አሞኛል» የምንለውም ለዚህ ነው። እኔ ትቼዋለሁ። ዲሴምበር ላይ ለሁሉም ቴክስት እልካለሁ፦ «ጃንዋሪ 7 የእኛ ገና ነው፣ አልሠራም። በየትኛው ቀን ላካክሰው?» እስካሁን በዚህ ምክንያት የተወኝ ደንበኛ የለም። የቤተስዳዋ ሴትዮ ጃንዋሪ 7 ጠዋት የእንኳን አደረሰሽ መልእክት ትልክልኛለች። ስሜን ሙሉውን ነው የምትጽፈው፤ አንድ ፊደል ብቻ ሁልጊዜ ትስታለች።

እህቴ፣ ካርዱን ከማሳተምሽ በፊት አምጪና አብረን እንየው። እሑድ እዚያው ነኝ።