ካራቫን የሚጎትት መኪናዬን ወደ ጋዝ ላስቀይረው?

ፍራንክፈርት አካባቢ የሚኖር አንባቢ የላከው ጥያቄ ነው። «የ2012 ሞዴል፣ ባለ 2.5 ሊትር የቤንዚን መኪና አለኝ። በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። ከዚህ ውስጥ 2,500ው ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት የመኝታ ቤት) ጎትተን ጣሊያን የምንወርድበት ነው። መኪናው ብቻውን ለ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ይጠጣል፣ ካራቫን ሲጎትት 15። ሰፈሬ ቤንዚን 1.75 ዩሮ፣ የመኪና ጋዝ 1.10 ነው። ለቅየራው 2,900 ዩሮ ተጠየቅኩ። ያዋጣኛል?»

ወንድሜ፣ ቁጥሩን አሟልተህ ስለጻፍክልኝ ተባረክ። በራስህ ቁጥር ላስላልህ። አሁን በዓመት 1,325 ሊትር ቤንዚን ትቀዳለህ፤ 2,319 ዩሮ ገደማ። አንድ ሊትር ጋዝ ጉልበቱ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ያንሳል፣ ስለዚህ ፍጆታህን 20 በመቶ ጨምርበት። 1,590 ሊትር ጋዝ፣ 1,749 ዩሮ። ልዩነቱ 570 ነው። ከተቀየረም በኋላ ሞተሩ እስኪሞቅ በቤንዚን ነው የሚሠራው፣ የጋዙ ፊልተርና ምርመራም አለ፣ እኔ 450 ብዬ ነው የምይዘው። ያወጣኸው እስኪመለስ 6 ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል።

አሁን ይቺን ልብ በል። ከ570ው ካራቫኑ የሚያመጣልህ 160 ዩሮ ብቻ ነው። ሌላው በሙሉ የሥራና የቤት ምልልስህ ነው። ብዙ ሰው ግን ወደ ጣሊያን በሚያሻግረው የአልፕስ ተራራ መንገድ፣ ብሬነር ዳገት ላይ መኪናው የጠጣው ቤንዚን አንጀቱን አቃጥሎት ነው ጋራዥ የሚመጣው።

እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ያው ዳገት ነው። ከባድ ጭነት እየጎተትክ በጋዝ ስትወጣ ቫልቮቹ (የሞተሩን አየር የሚያስገቡና ጭሱን የሚያስወጡ በሮች) እና መቀመጫቸው ክፉኛ ይፈተናሉ። የመቀመጫው ብረት ለስላሳ ከሆነ ቀስ በቀስ ይበላል፣ ቫልቩ ወደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰምጣል፣ በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ይጠፋል፣ በመጨረሻ ቫልቩ መዝጋት ያቅተውና ይቃጠላል። አንድ ካራቫን ጎታች መኪና ጠዋት ሲነሳ ይንዘፈዘፋል ተብሎ መጣልኝ። ካንዴላ ተቀይሮለታል፣ ኮይል ተቀይሮለታል፣ ለውጥ የለም። የቫልቩን ክዳን ከፍቼ ክፍተት መለኪያዋን ስስ ብረት ላስገባ ስል ሁለት የጭስ ማውጫ ቫልቮች ላይ ጨርሶ አልገባ አለች። ቴስታታው ሲወርድ የአንዱ ቫልቭ ጠርዝ በጥፍር እስኪዳሰስ ድረስ ተበልቷል። ባለቤቱ በጋዝ ያጠራቀመው ገንዘብ እዚያው ቴስታታ ላይ አለቀ።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሞተርህን ኮድ ይዘህ ሂድና የቫልቭ መቀመጫው ጋዝ ይችል እንደሆነ ጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። «ለቫልቮቹ መከላከያ ቅባት የሚያንጠባጥብ መሣሪያ እንጨምርልሃለን» ካሉህ እኔ እሱን እንደ ዋስትና አልቆጥረውም። ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ሞተር ከሆነ ደግሞ መርጫዎቹ እንዳይግሉ ጋዝ ላይም ሆኖ ትንሽ ቤንዚን መጠጣቱ አይቀርም፣ ሒሳቡ ይበልጥ ይጠብባል።

ሌላው ርቀት ነው። ስኮርታ ጎማው ቦታ የሚገባው ባለ 60 ሊትር ታንክ የሚሞላው 80 በመቶውን ነው፣ 48 ሊትር። ካራቫን ስትጎትት በ18 ሊትር ብታስበው 260 ኪሎ ሜትር እንኳ በደንብ አያስኬድህም። በየ260ው ካራቫኑን ይዘህ የጋዝ ማደያ ውስጥ መጠምዘዝ አለ። ታንኩ ከነጋዙ ከ50 ኪሎ በላይ ነው፣ የካራቫኑ አፍንጫ ከሚጫነው ጋር ሁለቱም የኋላ አክስል ላይ ነው የሚያርፉት። ፋርጾይግሻይኑ (የመኪናው የምዝገባ ወረቀት) ላይ የተጻፈውን የአክስል ክብደት እይ፣ ከነልጆቹና ከነሻንጣው ሚዛን ላይ አውጣው።

በዚህ ኪሎ ሜትር እኔ ብሆን አላስቀይርም። 25,000 ብትነዳና መቀመጫው ጠንካራ ቢሆን ግን ነገ ጠዋት አስገባው እልህ ነበር። ካስቀየርክም ረጅም ዳገት ላይ የጋዝና የቤንዚን መቀያየሪያ ቁልፉን ተጭነህ ወደ ቤንዚን መልሰው።

አንድ ነገር አደራ። የመኪና ጋዝ ርካሽ ነው ብለህ የካራቫኑን የማብሰያ ጋዝ ጠርሙስ ማደያ ላይ እንዳትሞላ። የመኪናው ታንክ 80 ላይ ሲደርስ ራሱ ይዘጋል፣ ተራው ጠርሙስ ግን ማቆሚያ የለውም። ጢም ብሎ ከሞላ በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው ጋዙ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል፣ ልጆቹ ደግሞ አጠገቡ ነው የሚተኙት።