ኢንቨርተር ስለመግጠም ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ዛሬ የምናወራው የሞተር ፍጥነት ስለሚቆጣጠረው የፋብሪካ ኢንቨርተር ነው። የሶላሩን ለሌላ ጊዜ እንተወው። የእኔ መልስና የእጃችሁ ማኑዋል ካልተስማሙ ማኑዋሉን እመኑ። ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ አውጡት።

ጥያቄ፦ ብሬከሩን አጥፍቼ ክዳኑን ወዲያው ብከፍተው ምን ችግር አለው? ዲስፕሌዩ እኮ ጠፍቷል።

መልስ፦ ትልቅ ችግር አለው። ኢንቨርተሩ የሚገባለትን ኤሲ ወደ ዲሲ ቀይሮ ካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅማል። በ400 ቮልት መስመር ላይ ይህ ዲሲ ወደ 565 ቮልት ይጠጋል። ብሬከሩ ሲወርድ አብሮ አይጠፋም፣ ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው። የዲስፕሌዩ መጥፋት ደግሞ ምንም አያረጋግጥም።

ለትንንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ 5 ደቂቃ፣ ለትልልቆቹ 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቁ ይባላል። ትክክለኛው ቁጥር ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ግን ሰዓት ማየት ብቻውን አይበቃም። ካፓሲተሩን የሚያራግፈው ክፍል ተበላሽቶ ከሆነ ከተባለው ጊዜ በላይ ብትጠብቅም ቮልቱ እዚያው ሊጠብቅህ ይችላል።

ስለዚህ ብሬከሩን አውርድና ቆልፈው፤ ቁልፉም ኪስህ ይግባ። ጊዜውን ጠብቅ። ከዚያ መልቲሜትርህን ኃይል እንዳለው በምታውቀው ቦታ ሞክር፤ ሜትሩም ገመዶቹም ለ1000 ቮልት የተሠሩ ይሁኑ። በዲሲው ፕላስና ማይነስ መካከል ለካ፣ የመግቢያውን ሦስት ፌዝም ለካ። ሲያልቅ ሜትሩን እንደገና ሞክረው። መሃል ላይ ተበላሽቶ ዜሮ ያሳየህ ሜትር ከሁሉም የከፋ ነው።

ጥያቄ፦ ስቶፕ ተጭኜ የሞተሩን ገመድ ብነካስ?

መልስ፦ በፍጹም። ስቶፕ ሞተሩን ያቆመዋል እንጂ ኃይሉን አይቆርጥም።

ጥያቄ፦ መግቢያውም መውጫውም ሦስት ሦስት ናቸው። ቢለዋወጡስ?

መልስ፦ ብሬከሩን ባነሳህበት ቅጽበት ይቃጠላል። ኃይሉ አር፣ ኤስ፣ ቲ ላይ ይገባል፤ አንዳንዱ ኤል1፣ ኤል2፣ ኤል3 ብሎ ይጽፈዋል። ሞተሩ ዩ፣ ቪ፣ ደብሊው ላይ ነው። ኃይል ከመስጠትህ በፊት ሌላ ሰው እንዲያይልህ አድርግ። አራት ዓይን ከሁለት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ወደ ኋላ ዞረብኝ። መግቢያው ላይ ሁለት ፌዝ ቀያየርኩ፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ አይኖረውም። መግቢያው ዲሲ ስለሚሆን የፌዙ ቅደም ተከተል እዚያው ይጠፋል። ኃይል አጥፍተህ፣ ጠብቀህና ለክተህ መውጫው ላይ ሁለቱን ቀይር፣ ወይም በፓራሜትር (በኢንቨርተሩ የውስጥ ማስተካከያ) ገልብጠው። ወደ ኋላ መዞር የሚጎዳው ፓምፕ ካለህ ፓምፑን ከሞተሩ ጋር ሳታጋጥም አቅጣጫውን ሞክር።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ጋ ከድሮ ጀምሮ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) እና የፓወር ፋክተር ካፓሲተር (ከመስመሩ የሚሳበውን ትርፍ ከረንት የሚቀንስ) አለ። ልተዋቸው?

መልስ፦ ካፓሲተሩን አንሳው፤ የኢንቨርተሩን መውጫ ይገድለዋል። ኮንታክተሩ ግን ሞተሩ እየሠራ እስካልተከፈተና እስካልተዘጋ ድረስ ሊቆይ ይችላል። ለጥገና ተብሎ ሞተሩ ጋ ማቋረጫ ከተደረገ ኢንቨርተሩን ቀድሞ የሚያስቆም ረዳት ኮንታክት ይኑረው። መግቢያው ላይ ያለውን ኮንታክተርም በየደቂቃው ማስነሻና ማቆሚያ አታድርገው።

ጥያቄ፦ ኢንቨርተሩ ሲነሳ አርሲዲ ብሬከሩ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ የሚያቋርጠው) ይወርዳል። ባልደረባዬ የአርዙን ሽቦ ስትነቅዪው ይተዋል አለኝ። ልንቀለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትሞክሪው። እውነት ነው፣ ብሬከሩ ይተው ይሆናል። ያን ጊዜ ግን የሚያፈተልከውን ኤሌክትሪክ (ፍሳሹን) ወደ መሬት የሚወስደው መንገድ ተዘጋ ማለት ነው፤ የሞተሩን አካል የነካው ሰው መንገድ ይሆናል። ኢንቨርተር ጤነኛ ሆኖም ወደ አርዝ ያፈሳል፣ ውስጡ ያለው ፊልተርና ረጅም የሞተር ኬብል ደግሞ ያብሱታል። ፍሳሹ ከ3.5 ሚሊ አምፔር ሊበልጥ ስለሚችል የአርዙ ሽቦ ቢያንስ 10 ስኩዌር ሚሊ ሜትር መዳብ ይሁን፣ ካልሆነም ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ሁለተኛ አርዝ ለብቻው ይዘርጋ።

አርሲዲው ግዴታ ከሆነ ዓይነት ቢ የሚባለው ነው የሚያስፈልግሽ። የባለ ሦስት ፌዝ ኢንቨርተር ብልሽት ለስላሳ ዲሲ ሊያፈስ ይችላል፤ ተራው አርሲዲ ይህን አያይም፣ ጭራሽ ሊደነዝዝም ይችላል። አዲስ ከመግዛትሽ በፊት ግን ሞተሩንና ኬብሉን አስፈትሺ። ብሬከሩ እውነቱን እየነገረሽ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በሜገር (የሽቦ መሸፈኛን ጤንነት በከፍተኛ ቮልት በሚለካው መሣሪያ) ልፈትሽ?

መልስ፦ ሞተሩንና ኬብሉን አዎ፣ ከኢንቨርተሩ ሙሉ በሙሉ ከነቀልክ በኋላ። ኢንቨርተሩን ግን አትንካው።

ጥያቄ፦ የሞተሩ ታርጋ 230/400 ቮልት ይላል። ኢንቨርተሬ 230 ቮልት በአንድ ፌዝ ገብቶ ሦስት ፌዝ የሚያወጣ ነው። የሞተሩን ጥቅልሎች በስታር ልሰራቸው ወይስ በዴልታ?

መልስ፦ ዴልታ። መውጫህ ከ230 አይበልጥም። በስታር ካሰርከው ጉልበት ያንሰዋል፣ ጭነት ላይም ይሞቃል።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ሲነሳ የሴንሰሮቻችን ንባብ ይዘላል። ኬብሎቹ አንድ ትሬይ ላይ ናቸው።

መልስ፦ ራስዎ መለሱት። የሞተሩ ኬብል ሺልድ (የብረት መሸፈኛ) ያለው ይሁን፤ ሺልዱም በሁለቱም ጫፍ ዙሪያውን በብረት ማሰሪያ ከአርዝ ጋር ይያዝ። ጠምዝዞ እንደ ጅራት ማሰር ጥቅሙን ያሳጣዋል። የሴንሰሩን ኬብል ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያርቁት። መገናኘታቸው ግድ ከሆነ በ90 ዲግሪ ይሻገሩ።

ጥያቄ፦ አቧራ እንዳይገባ 30 ኪሎ ዋቱን ኢንቨርተር ጠባብ ሳጥን ውስጥ ዘጋሁበት። ከሰዓት በኋላ በሙቀት ይቆማል።

መልስ፦ በሙሉ ጭነት እስከ 3 በመቶ ወደ ሙቀት ቢቀየር 900 ዋት ነው። ሳጥን ውስጥ ምድጃ ዘግተህበታል። ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከላይም ከታችም ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሁን፣ ሳጥኑም ፊልተር ያለው ፋን ይኑረው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር ከፍ ካለ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። በየ100 ሜትሩ ከአቅሙ 1 በመቶ ገደማ ቀንስለት።